መጥቶ የሚሄደው ሉኬሚያ፦ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናትና የደም ካንሰር

አንድ ሕፃን በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የተወሰደለት ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብላስት በሚባሉ ያልበሰሉ የደም ሕዋሳት ተሞልቶ ቢገኝ፣ የሐኪሙ የመጀመሪያ ግምት አጣዳፊ ሉኬሚያ ነው። ይህ በሽታ ካልታከመ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይገድላል፤ ሲታከምም በጠንካራ ኬሞቴራፒ ነው። ሕፃኑ ዳውን ሲንድረም ያለበት ከሆነ ግን በማይክሮስኮፕ የሚታየው ያው ምስል ፍጹም የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከነዚህ ሕፃናት ውስጥ አብዛኞቹ ምንም መድኃኒት ሳይሰጣቸው፣ በክትትል ብቻ፣ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ደማቸው ይጠራል። ካንሰር የሚመስል፣ በዘረ-መል ምርመራም የካንሰርን ምልክት የያዘ በሽታ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ሲሄድ ማየት በሕክምናው ዓለም እጅግ ብርቅ ነገር ነው።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ጊዜያዊ ሉኬሚያ ወይም በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃሉ ቲ.ኤ.ኤም. ይሉታል። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ግን ወላጅን ሊያዘናጋ ይችላል። ደሙ ከጠራላቸው ሕፃናት መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል አራት ዓመት ሳይሞላው እውነተኛ ሉኬሚያ ይዞት ይመለሳል፤ ይህኛው ደግሞ በራሱ አይሄድም። ከዚህም ሌላ ከጊዜያዊው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሦስተኛ ዓይነት ሉኬሚያ አለ። ሦስቱም በአንድ ስም «የደም ካንሰር» ቢባሉም የሚፈልጉት የሕክምና መጠን የተለያየ ነው፤ አንደኛው ክትትል፣ ሁለተኛው የተለካ ኬሞቴራፒ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሙሉ ሕክምና ከከፍተኛ ጥንቃቄ ጋር ይፈልጋል። እነዚህን ማምታታት ሕይወት ያስከፍላል፤ ክትትል ብቻ የሚበቃውን ጨቅላ በከባድ መድኃኒት ማዳከምም፣ መታከም ያለበትን የሁለት ዓመት ልጅ «ከዳውን ሲንድረሙ ጋር የመጣ ነው» ብሎ መተውም እኩል ጥፋት ነው።

ዳውን ሲንድረም ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1866 ሁኔታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጆን ላንግደን ዳውን ነው። መንስኤው የታወቀው ግን ከዘጠና ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ዠሮም ለዠን እና የሥራ ባልደረቦቹ በፓሪስ የነዚህ ልጆች ሕዋሳት በሁለት ፈንታ ሦስት 21ኛ ክሮሞሶም እንዳላቸው ባሳዩ ጊዜ ነው። ይህ ትርፍ ክሮሞሶም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የወላጆች የዘር ሕዋስ ሲፈጠር በሚደርስ የአከፋፈል ስሕተት ነው። ዕድሉ ከእናት ዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ እናት ከበላችው፣ ከሠራችው ወይም ካሰበችው ነገር ጋር የሚያያዝ አይደለም። በአገራችን «ምን በድዬ ነው» ብላ ራሷን የምትወቅስ እናት ብዙ ስለሆነች ይህን ደግሞ ደጋግሞ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። ሉኬሚያውም ቢሆን በልጁ ሕዋሳት ውስጥ የሚጀምር እንጂ ከማንም የተላለፈ ወይም በማንም ጥፋት የመጣ አይደለም።

ትርፉ ክሮሞሶም የካንሰርን ዕድል የሚለውጠው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አለመሆኑ የሚገርም ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች እንደ ጡት ካንሰር ባሉ፣ እብጠት በሚፈጥሩ በርካታ ካንሰሮች የሚያዙት ከሌላው ሰው ባነሰ መጠን ነው። በልጅነት የሚመጣው ሉኬሚያ ግን በተቃራኒው ነው። ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ልጆች ማይሎይድ የሚባለው አጣዳፊ ሉኬሚያ (ከላይ ሁለተኛ ያልነው) ዕድል ከሌሎች ልጆች ወደ 150 እጥፍ፣ ሊምፎብላስቲክ የሚባለው (ሦስተኛው) ደግሞ ወደ 20 እጥፍ ይጨምራል። እነዚህ ቁጥሮች ያስደነግጣሉ፤ መነሻው ዕድል በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን፣ ጊዜያዊው ሳይቆጠር፣ እውነተኛ ሉኬሚያ የሚይዛቸው ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ከ100 ልጆች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። የቀሩት 97 ወይም 98 በሕይወታቸው ይህን በሽታ አያዩትም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመወለድ በፊት ነው። ፅንስ በማሕፀን ሳለ ደም የሚሠራለት ዋናው አካል ጉበት ነው፤ ሥራው ወደ አጥንት መቅኔ የሚዛወረው ወደ መወለጃው ሲቃረብና ከተወለደ በኋላ ነው። ሦስት 21ኛ ክሮሞሶም ባለው ፅንስ ጉበት ውስጥ የደም አመራረቱ ገና ከጅምሩ የተዛባ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስና ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕላትሌት ወደሚሠሩት ሕዋሳት ያጋድላል፣ ቢ-ሊምፎሳይት የሚባሉትን ተከላካይ ሕዋሳት የሚያስገኙት ግን ያንሳሉ። በዚህ በተዛባ መስክ ላይ ጋታ-1 በሚባል ዘረ-መል ላይ ጉዳት ሲጨመር ጊዜያዊው ሉኬሚያ ይፈጠራል። ጋታ-1 የደም ሕዋሳት በሥርዓት እንዲበስሉ የሚያደርግ ፕሮቲን ያስገኛል፤ በነዚህ ሕፃናት ብላስቶች ውስጥ ግን ከመነሻው የተቆረጠ አጭር ፕሮቲን ብቻ ይመረታል፣ ሕዋሱም ከመብሰል ይልቅ መባዛቱን ይቀጥላል። ዘረ-መሉ የሚገኘው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው፤ ወንዶች አንድ ኤክስ ብቻ ስላላቸው፣ በሴቶችም በእያንዳንዱ ሕዋስ የሚሠራው አንዱ ኤክስ ብቻ ስለሆነ አንድ ጉዳት ይበቃል። ይህ ጉዳት በዳውን ሲንድረም ሉኬሚያ ውስጥ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን በማግስቱ ዓመት በጊዜያዊው ሉኬሚያም ተገኝቷል።

ትርፉ ክሮሞሶምና የጋታ-1 ጉዳት ለየብቻቸው ይህን በሽታ እንደማያመጡ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በብራዚል የተጠና አንድ ቤተሰብ የጋታ-1ን ጉዳት በውርስ የሚያስተላልፍ ሲሆን አባላቱ ዳውን ሲንድረም የለባቸውም፤ የደም ማነስ ነበረባቸው፣ ሉኬሚያ ግን አልነበረባቸውም። በሌላ በኩል ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የጋታ-1 ጉዳት የለባቸውም፤ ይህ ሉኬሚያም አይነካቸውም። ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነው በሽታው የሚነሣው። ከተወለደ በኋላ የሚጠፋበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስላል፤ እነዚህ ብላስቶች ለመኖር የፅንስ ጉበትን አካባቢ ይፈልጋሉ፣ የደም ሥራው ወደ መቅኔ ሲዛወር የሚመቻቸው ስፍራ ያልቃል የሚለው ማብራሪያ በተመራማሪዎች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለው።

ስንት ሕፃናት ላይ ነው የሚታየው? ለረጅም ጊዜ የነበረው መልስ ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚል ነበር፤ ይህ የሕመም ምልክት ወይም በግልጽ የተዛባ የደም ውጤት ያላቸውን ብቻ የሚቆጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን 200 አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ደም በረቂቅ የዘረ-መል ምርመራ ሲፈትሽ ግን የጋታ-1 ጉዳት ያለባቸው 29 በመቶ ያህል ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ምንም ሕመም አይታይባቸውም ነበር፤ «ድምፅ አልባ» የሚባለው ዓይነት ነው። ይኸው ጥናት ሌላም ቁም ነገር አሳይቷል፤ ከ200ዎቹ ሕፃናት በ195ቱ ደም ውስጥ መጠኑ ቢለያይም ብላስት ተገኝቷል። ስለዚህ ዳውን ሲንድረም ባለበት ጨቅላ ደም ውስጥ ጥቂት ብላስት መታየቱ ብቻውን የበሽታ ማረጋገጫ አይሆንም። መጠኑ ከ10 በመቶ ሲያልፍ ወይም ሕፃኑ የሕመም ምልክት ሲያሳይ ነው የዘረ-መል ምርመራ የሚያስፈልገው። የሕክምና መመሪያዎችም የተለወጡት በዚህ መነሻነት ነው። የብሪታንያ የደም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት መመሪያ ዳውን ሲንድረም ያለበት ማንኛውም ሕፃን በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ የደም ቆጠራ እንዲደረግለት ይመክራሉ፤ የብሪታንያው ደሙ በስላይድ ላይ ተቀብቶ በባለሙያ ዓይን እንዲታይም ይጠይቃል።

የዳውን ሲንድረም ምልክት በመልኩ ላይ የማይታይ ሕፃንም አንዳንዴ ይህ በሽታ ይገኝበታል። ትርፉ ክሮሞሶም ያለው በከፊል ሕዋሳቱ ብቻ ሲሆን፣ ሞዛይክ በሚባለው ሁኔታ ማለት ነው፣ ፊቱ እንደማንኛውም ሕፃን ሆኖ ደሙ ብቻ ጊዜያዊውን ሉኬሚያ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በአራስ ሕፃን ላይ ሉኬሚያ የመሰለ ነገር ሲገኝ ከባድ ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት በብላስቶቹ ውስጥ ትርፍ 21ኛ ክሮሞሶም መኖር አለመኖሩ መመርመር ይኖርበታል።

ጊዜያዊው ሉኬሚያ ሁልጊዜ የዋህ ነው ማለት አይደለም። ጉበቱ በብላስቶች ተሞልቶ ሲያብጥና ጠባሳ ሲያበጅ፣ በሆድ፣ በሳንባ ወይም በልብ ዙሪያ ውኃ ሲቋጥር፣ የነጭ ሕዋሳቱ ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ100,000 ሲያልፍ፣ ደም አልረጋ ሲል፣ በተለይም ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ፣ ሞት ቅርብ ነው። በድሮ ጥናቶች ከ100 እነዚህ ሕፃናት ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሞቱ ነበር። ከተለመደው የአራስ ሕፃን የወፍ በሽታ የማይመስል፣ እየጠነከረ የሚሄድና ከሆድ መነፋት ጋር የመጣ ቢጫነት ለሐኪም ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሕፃን ሳይታራቢን የተባለው መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ለጥቂት ቀናት ይሰጣል፤ ብላስቶቹ ለመድኃኒቱ በጣም ስስ ስለሆኑ ትንሹ መጠን ይበቃል። ይህ ሕክምና የታመመውን ሕፃን ከሞት ያተርፋል፤ ወደፊት የሚመጣውን ሉኬሚያ ግን እንደማያስቀር በአውሮፓ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖ የሚጠባውን፣ ክብደቱ የሚጨምረውን ሕፃን «ለወደፊቱ ይጠቅመዋል» ብሎ መድኃኒት መስጠት ትርፍ የለውም።

የሚቀረው ዘሩ ነው። ብላስቶቹ ከደም ሲጠፉ አንዳንዶቹ በመቅኔ ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ፤ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ሌሎች የዘረ-መል ጉዳቶች ይጨመሩባቸዋል። ከነዚህ በብዛት የሚገኙት ኮሄሲን በሚባሉ፣ ክሮሞሶሞችን አጣምረው በሚይዙ ፕሮቲኖች ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች ናቸው። በቶሮንቶ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሥራ ሦስት 21ኛ ክሮሞሶም ካለው ፅንስ ጉበት በተገኙ የሰው ሕዋሳት ላይ በመጀመሪያ ጋታ-1ን፣ ቀጥሎም ከኮሄሲኖቹ አንዱን በማበላሸት ጊዜያዊው በሽታ ወደ እውነተኛ ሉኬሚያ ሲሻገር በላብራቶሪ አሳይተዋል። ሽግግሩ በድንገት የሚመጣ ላይሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የፕላትሌት ቁጥር ቀስ በቀስ መውረድ ነው፤ ልጁ ሳይመታ ቆዳው ይበልዛል፣ በእግሩና በሆዱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ይገረጣል፣ ይነስረዋል። ይህ ደረጃ ወራት ሊወስድ ስለሚችል በሽታውን ገና በጅምሩ ለማግኘት ጊዜ ይሰጣል። ለዚህም ነው ጊዜያዊ ሉኬሚያ የነበረበት ልጅ እስከ ሁለት ዓመቱ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመቱ በየስድስት ወሩ ደሙ እንዲቆጠር የሚመከረው።

በዚህ ሁለተኛው ሉኬሚያ ላይ የተሠራው ስሕተት የሕክምናው ታሪክ አሳዛኝ ገጽ ነው። በቀደሙት ዐሥርታት ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች «አይችሉትም» ወይም «ምን ይጠቅማቸዋል» ተብለው ብዙ ጊዜ ሙሉ ሕክምና ይነፈጋቸው፣ ከሕክምና ሙከራዎችም ይገለሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ግን ማንም ያልጠበቀውን አሳየ፤ በማይሎይድ ሉኬሚያ የተያዙት ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች በአግባቡ ሲታከሙ ከሌሎቹ ልጆች በተሻለ ይድኑ ነበር። ምክንያቱ ራሱ በትርፉ ክሮሞሶም ላይ ተጽፎ ተገኘ። በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ዘረ-መል የሚያስገኘው ኤንዛይም በሦስት ቅጂ ምክንያት ሲበዛ ሳይታራቢን በሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ እንዲሠራ ያደርጋል፤ የጋታ-1 ጉዳትም በበኩሉ መድኃኒቱን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ይቀንሳል። በሽታውን ያመጣው ነገር ለመድኃኒቱ በር ከፈተ ማለት ነው። ዛሬ ከመደበኛው በቀነሰ መጠን የሚሰጠው ኬሞቴራፒ በበለጸጉ አገሮች ከ100 ልጆች ወደ 90 የሚሆኑትን ያድናል። ቅነሳው የተደረገው ከበሽታው ይልቅ የመድኃኒቱ መርዛማነት እነዚህን ልጆች ይገድል ስለነበር ነው። ከታከመ በኋላ ያገረሸ እንደሆነ ግን ማዳን ከባድ ነው፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ሕክምና ሳይቋረጥ መፈጸሙ ወሳኝ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የሚጀምርና የጋታ-1 ጉዳት የሌለበት ማይሎይድ ሉኬሚያም እንደ ሌሎቹ ልጆች በሽታ እንጂ እንደዚህኛው ለመድኃኒት ስስ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ሊምፎብላስቲክ የሚባለው ሉኬሚያ፣ የተለየ ባሕርይ አለው። በመጀመሪያው ዓመት እምብዛም አይታይም፣ ጋታ-1ን አይነካም፣ ጊዜያዊ መልክም የለውም። ከነዚህ ልጆች ከግማሽ በሚበልጡት ሲ.አር.ኤል.ኤፍ.-2 የሚባለው ዘረ-መል የተዛባ ነው። እዚህ ላይ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ከሌሎቹ የባሰ ችግር ላይ ይወድቃል፤ በሽታው ማገርሸት ይቀናዋል፣ በሕክምናው ወቅት የሚደርስ ኢንፌክሽንም ብዙ ሕይወት ይቀጥፋል። ሉኬሚያው ከደሙ ጠፍቶ እያለ በኢንፌክሽን የሚሞት ልጅ አለ። ለሕክምናው አስፈላጊ የሆነው ሜቶትሬክሴት አፍን የሚያቆስልና አንጀትን የሚያስነድድ ጉዳት በነዚህ ልጆች ላይ ያበዛል፤ መድኃኒቱን ወደ ሕዋስ የሚያስገባው ፕሮቲን ዘረ-መል በዚያው በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ መሆኑ ለዚህ አንዱ ማብራሪያ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች መጠኑን በጥንቃቄ እየጀመሩ፣ ለትኩሳት በሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ እየሰጡ ይሄዳሉ። የሰውነትን ተከላካይ ሕዋስ ከካንሰሩ ሕዋስ ጋር የሚያገናኘው ብሊናቱሞማብ የተባለው መድኃኒት የከባዱን ኬሞቴራፒ ክፍል ሊተካላቸው እንደሚችል ተስፋ ተጥሎበታል። እኔም ትልቁን ተስፋ የማየው በዚሁ መንገድ ነው፤ እነዚህን ልጆች የሚገድላቸው የመድኃኒቱ ክብደትም ጭምር ነውና።

ይህ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጥያቄው የሚጀምረው የደም ቆጠራው ሊደረግባቸው ከሚገባው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ግማሽ ገደማ ነበሩ፤ በተቋም ከወለዱትም ብዙዎቹ በማግስቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በቤት የተወለደ ሕፃን ዳውን ሲንድረም እንዳለበት የሚታወቀው አንገቱን ማቆም ወይም መቀመጥ ሲዘገይ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ያህሎቹ የልብ ሕመም ይዘው ስለሚወለዱም የቤተሰቡና የሐኪሙ ትኩረት ወደ ልቡ ይሄዳል፣ ደሙ ይዘነጋል።

ያም ሆኖ የመጀመሪያው ምርመራ ውድ አይደለም። የደም ቆጠራ ማሽን በብዙ ሆስፒታሎች አለ፤ ማሽኑ ብላስትን በትክክል ላይለይ ስለሚችል ግን ደሙ በስላይድ ተቀብቶ የሠለጠነ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ያስፈልጋል። የልጆች ካንሰር ሕክምናም ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አልፎ ወደ ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌ ተስፋፍቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው ንቅናቄ በ2030 ካንሰር ከሚይዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲተርፉ ግብ አስቀምጧል። የጋታ-1 ምርመራ በማይገኝበት ቦታ እንኳ ክትትሉን ከክትባት ቀጠሮ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ልጁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ቀጥሎም በ9 እና በ15 ወሩ ለክትባት ይመጣል፤ የ14ኛው ሳምንት ጊዜያዊው ሉኬሚያ ጠፍቶ መገኘት ከሚኖርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፣ የ9 እና የ15 ወሩም ሁለተኛው ሉኬሚያ መታየት በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ይወድቃሉ። በእነዚህ ቀጠሮዎች ዳውን ሲንድረም ላለበት ልጅ አንድ የደም ቆጠራ ቢጨመርና የፕላትሌቱ ቁጥር በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ቢጻፍ፣ ቀጥሎ የሚያየው ጤና ባለሙያ ማንም ይሁን ማን ቁጥሩ እየወረደ መሆኑን ከካርዱ ማንበብ ይችላል።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የሚኖሩ ወላጆች ጉዳይ ይቀላል። ምርመራው እጃቸው ላይ ነው፤ የሚቀረው ከሆስፒታል ሲወጡ «የልጄ ደም በስላይድ ታይቷል ወይ? ብላስቱ ስንት በመቶ ነበር? ቀጣዩ ቆጠራ መቼ ነው?» ብለው መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወልደው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ እናቶችም ያንን ወረቀት ከልጁ የልደት ማስረጃ ጋር ይዘው ቢመጡ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ የሚያያቸው ሐኪም እንደገና ሊያገኘው የማይችለውን የሦስተኛውን ቀን ውጤት ከወረቀቱ አንብቦ ሥራውን ከዚያ ይቀጥላል።